ሦስቱም «ፓስ» ያሉት ሐሰተኛ ደብዳቤ፦ ከደብረ ብርሃን የአንድ ኢሜይል ምርመራ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ዱቄት ፋብሪካ ቱርክ ኮንያ ካለ አምራች ሁለት ጥንድ የወፍጮ ሮለር አዘዘ። ፕሮፎርማው መጥቷል፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃዱም በባንኩ በኩል አልቋል። የሞረትና ጅሩ ስንዴ ገበያ የሚወጣበት ወቅት ነበር፤ የድሮዎቹ ሮለሮች ጥርስ አልቆ ዱቄቱ እየጋለ፣ ፉርሽካው እየበዛ ስለነበር ፋብሪካው ተጣድፏል። 30 በመቶ ቅድመ ክፍያው በቲቲ (ከባንክ ወደ ባንክ በሚደረግ ዝውውር) ሊላክ ሲል ከአቅራቢው የመጣ የሚመስል ኢሜይል ገባ። «ሂሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ክፍያውን በሚከተለው ሌላ ሂሳብ አስገቡልን» ይላል።

ገንዘቡ አልተላከም፤ ያዳነው ግን ኮምፒዩተር አይደለም። በባንኩ ቅርንጫፍ የውጭ ምንዛሪ ሠራተኛው በኋላ የመጣውን «የተሻሻለ» ፕሮፎርማ አገላብጦ አየና ለሂሳብ ሠራተኛዋ «እህቴ፣ ይሄ ባንክ እኮ ቱርክ አገር ያለ አይደለም» ብሎ ፋይሉን መለሰላት። የቱርክ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ቁጥር «ቲአር» በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይጀምርና በጠቅላላው 26 ፊደልና አኃዝ ይሆናል። አዲሱ ቁጥር በሌላ አገር ፊደሎች የሚጀምር ነበር። ሠራተኛዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ደውላ «ጋሼ፣ ክፍያው ይቆይ» አለች። የኢሜይሎቹ ሄደር፣ ማለትም ከደብዳቤው ጋር የሚጓዘው የላኪና የመንገድ መዝገብ፣ የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች የሚተነተነው ሄደሩ የተናገረውና ያልተናገረው ነው። የፋብሪካው፣ የባንኩና የአቅራቢው ስም አይገለጽም። እውነተኛው ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ«@» ቀጥሎ ያለው ስም) «አቅራቢ.ኮም.ቲአር»፣ የአጭበርባሪው ደግሞ «አቅራቢ-ቲአር.ኮም» ተብለው ተተክተዋል። የአይፒ ቁጥሮቹም (የሰርቨሮቹ የኢንተርኔት አድራሻዎች) ለማስተማሪያ ከተለዩት ከ203.0.113 እና ከ198.51.100 መደቦች የተወሰዱ ናቸው።

ሄደሩን ማውጣት

የሂሳብ ሠራተኛዋ ኢሜይሎቹን ያነበበችው በስልክ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የተለመደ ነው፤ የቢሮው ኮምፒዩተር ተከፍቶ እስኪገናኝ ስልኩ ይቀድማል። ችግሩ የስልኩ የጂሜይል አፕ የላኪውን ስም ብቻ በትልቁ ማሳየቱ ነው። አድራሻውን ለማየት ስሙ ሥር ያለውን ጽሑፍ መንካት ያስፈልጋል፣ ሙሉ ሄደሩን ግን አፑ ከነጭራሹ አያሳይም። ስለዚህ ምርመራ በኮምፒዩተር ብራውዘር ይጀመራል፦ መልእክቱን ከፍቶ ከመልስ ምልክቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች መጫን፣ ከዚያ «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን መምረጥ። በሚከፈተው ገጽ አናት ላይ ጉግል ራሱ ያዘጋጀው አጭር ሰንጠረዥ አለ፦ የመልእክቱ መለያ ቁጥር፣ የተላከበት ጊዜ፣ የላኪውን ዶሜይን የሚፈትሹት የሦስቱ ፍተሻዎች፣ የኤስፒኤፍ፣ የዲኪምና የዲማርክ ውጤት። ሙሉው ጽሑፍ ከሥሩ ይከተላል።

እዚህ ላይ ብዙ ማስረጃ ይበላሻል። አንድ ሰው አጠራጣሪ ኢሜይል ሲደርሰው ለአይቲ ባለሙያው ፎርዋርድ ያደርጋል፤ ፎርዋርድ የተደረገው ግን አዲስ ደብዳቤ ነው፣ ሄደሩም የፎርዋርድ አድራጊው ነው። መደረግ የነበረበት በዚያው ገጽ ላይ ያለውን «ዳውንሎድ ኦሪጅናል» ተጭኖ ፋይሉን እንዳለ ማስቀመጥና ፋይሉን አባሪ አድርጎ መላክ ነው። ስክሪንሾት ለፖሊስ አቤቱታ ያግዝ ይሆናል፣ ለምርመራ ግን ምንም አይጠቅምም።

ቀጥሎ፣ ሐሰተኛውን ከማንበብ በፊት ከአቅራቢው ቀደም ብሎ የመጣና እውነተኛነቱ ያልተጠረጠረ ደብዳቤ ሄደር ተወሰደ። ፕሮፎርማው የመጣበት ነው። ሄደርን ለብቻው ማንበብ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ማንም የሂሳብ ሠራተኛ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። በእውነተኛው ደብዳቤ ላይ ላኪው አቅራቢ.ኮም.ቲአር፣ የመመለሻ መንገዱ ማለትም ሪተርን-ፓዝ ያው ዶሜይን፣ የዲኪም ፊርማው (ላኪው ዶሜይን በደብዳቤው ላይ የሚያኖረው ዲጂታል ፊርማ) ላይ «ዲ=» የሚለው ያው ዶሜይን ነው። መልእክቱ የተጻፈው በማይክሮሶፍት አውትሉክ ሲሆን መለያ ቁጥሩም አውትሉክ እንደሚያደርገው በዶላር ምልክት የተከፋፈለ ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ፦ ስሙ የአቅራቢው፣ መንገዱ የሌላ

ማክሰኞ የገባው፣ ክፍያው በሌላ ሂሳብ ይግባ ያለው ደብዳቤ የላኪ መስመሩ ላይ ትክክለኛውን አቅራቢ.ኮም.ቲአር ይዟል። አንድ ፊደል አልተዛባም። ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል፣ ግን የኢሜይል አሠራር ከመነሻው እንዲህ ነው። የመላኪያው ፕሮቶኮል ኤስኤምቲፒ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲደነገግ የላኪውን ስም የሚያረጋግጥ ነገር አልተካተተበትም። ፍሮም የሚለው መስመር ላኪው የጻፈውን ይይዛል፤ ፖስታ ላይ የላኪ ስም እንደመጻፍ ነው፣ ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይጠይቅም።

የጉግል ሰርቨር በአናት የጻፈው የማረጋገጫ ውጤት በፊደል ሲገለበጥ እንዲህ ይነበባል፦

ኦተንቲኬሽን-ሪዛልትስ፦ ኤምኤክስ.ጉግል.ኮም፤
ኤስፒኤፍ=ፓስ (203.0.113.41 ተፈቅዶለታል) ሜይልፍሮም=ባውንስ@ሌላ-ድርጅት.ኮም፤
ዲማርክ=ፌይል (ፒ=ነን) ሄደር.ፍሮም=አቅራቢ.ኮም.ቲአር

የመጀመሪያው ወጥመድ ኤስፒኤፍ «ፓስ» ማለቱ ነው። ኤስፒኤፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በመመለሻው አድራሻ ላይ ያለው ዶሜይን ይህን አይፒ እንዲልክለት ፈቅዷል ወይ? የመመለሻው አድራሻ ደግሞ የአቅራቢው ሳይሆን ምንም የማይመለከተው የሌላ ድርጅት ነው፤ ድረ ገጹ ተሰብሮ ለመላኪያነት ያገለገለ ይመስላል። ያ ድርጅት የራሱን ሰርቨር ስለፈቀደ መልሱ «አዎ» ሆነ። አቅራቢው ግን የትም አልተጠየቀም። ተቀባዩ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ፍሮምን ነው፣ ኤስፒኤፍ የሚፈትሸው ሪተርን-ፓዝን።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ዲማርክ ነው። ዲማርክ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም ያለፈው ዶሜይን ከፍሮም ዶሜይን ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ኤስፒኤፍ ያለፈው በሌላ ድርጅት ስም ነው፣ የዲኪም ፊርማ ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ ወደቀ። ታዲያ ለምን ኢንቦክስ ገባ? በቅንፍ ውስጥ «ፒ=ነን» የሚለውን ማየት ነው። አቅራቢው በዶሜይኑ ላይ ያስቀመጠው የዲማርክ መመሪያ «ቢወድቅም ምንም አታድርጉ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ» የሚል ነበር። ብዙ ድርጅቶች ዲማርክን ሲጀምሩ እንዲህ አድርገው ይጀምራሉ፣ ከዚያ እዚያው ይረሱታል። የተቀባዩ ሰርቨር በሌሎች ምልክቶች ተመርቶ ወደ ስፓም ሊወስደው ይችል ነበር፤ ግን ደብዳቤው የነበረ የደብዳቤ ልውውጥ ተቀጥላ ሆኖ ስለመጣ ተራ ስፓም አይመስልም ነበር።

ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን ጂሜይል ከላኪው ስም አጠገብ «ቪያ» ብሎ የዚያን የሌላ ድርጅት ዶሜይን በትንሹ ይጽፋል። በስልክ የተነበበው ደብዳቤ ላይ ይህ አልታየም።

ሪሲቭድ መስመሮች፦ ከላይ እመኑ፣ ወደ ታች ተጠራጠሩ

መልእክቱ ያለፈበት እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ሪሲቭድ መስመር ከአናቱ ላይ ይጨምራል። ስለዚህ የጉዞው መነሻ ከታች፣ መድረሻው ከላይ ነው። የሚታመነው ግን በተቃራኒው ከላይ ጀምሮ ነው፣ ምክንያቱም የላይኛውን የጻፈው የራስ ሰርቨር ነው። የታችኞቹን ላኪው ከመላኩ በፊት ራሱ ጽፎ ሊያያይዛቸው ይችላል።

የጉግልን የውስጥ መስመር ሳንቆጥር በዚህ ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ከላይኛው ስንጀምር፦

ሪሲቭድ፦ ፍሮም ሜይል.አቅራቢ.ኮም.ቲአር (ቪፒኤስ41.ሌላ-ድርጅት.ኮም [203.0.113.41]) ባይ ኤምኤክስ.ጉግል.ኮም፤ ማክሰኞ 04:09:41 -0700

«ፍሮም» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም ላኪው ሰርቨር «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የተናገረው ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር በራሱ ያየው አይፒና ያ አይፒ የተመዘገበበት ስም ነው። ሰርቨሩ አቅራቢው ነኝ አለ፣ ሲታይ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው ከሄደር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ማየት ከቻለ ይህን ቅንፍ ይይ። የሁለቱ ስሞች አለመግጠም በራሱ ወንጀል አይደለም፣ በኪራይ ሰርቨር የሚልኩ ጤነኛ ድርጅቶች ላይም ይታያል። እዚህ ያጋለጠው በእውነተኛው ደብዳቤ ላይ ሁለቱ መግጠማቸው ነው።

የታችኛው መስመር መልእክቱ ከአቅራቢው ቢሮ ኮምፒዩተር ወደ አቅራቢው ሰርቨር እንደገባ ይተርካል፤ ሰዓቱም 14:31:05 +0300 ነው። ሁለቱ መስመሮች መያያዝ ነበረባቸው፦ በታችኛው ላይ «ባይ» ተብሎ የተቀበለው ሰርቨር በላይኛው ላይ «ፍሮም» ሆኖ መታየት አለበት። በስም ተያይዘዋል፣ በአይፒ ግን አልተያያዙም። ሰዓቱስ? የጉግሉ ሰዓት ከግሪንዊች 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ 04:09 ሲደመር 7፣ 11:09 ይሆናል። የታችኛው ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደፊት ስለሆነ 14:31 ሲቀነስ 3፣ 11:31 ነው። በዚህ መሠረት ደብዳቤው ከአቅራቢው ቢሮ ሳይወጣ፣ ሴኮንዶቹ ሲቆጠሩ፣ ከ21 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ጉግል ደርሷል ማለት ነው። የአንድ ሰርቨር ሰዓት በጥቂት ሴኮንዶች ወይም በአንድ ሁለት ደቂቃ ሊዛባ ይችላል። ከ21 ደቂቃ በላይ ግን መዛባት አይደለም፣ መስመሩ በእጅ የተጻፈ ነው። ሰንሰለቱ ከተበጠሰበት በታች ያለው ሁሉ እንደ ማስረጃ አይያዝም፣ እዚያ ውስጥ ያለን አይፒ ይዞ «ላኪው እዚህ አገር ነው» ማለትም አይቻልም።

ሰዓት ስናሰላ አንድ ምቹ ነገር አለ። የግሪንዊችን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ደምሮ 6 መቀነስ ያስፈልጋል፤ ባጭሩ ከግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው። 11:09 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይሆናል። የሂሳብ ሠራተኛዋም ደብዳቤው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት አካባቢ እንደገባ ነው ያስታወሰችው። የባንክ ደረሰኝ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የኢሜይል ሄደር በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ስለሚጻፉ፣ አቤቱታ ከመጻፉ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣት ፖሊስ ጣቢያ ላይ ከሚነሳ ብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ሁለተኛው ደብዳቤ፦ ሁሉም ነገር ንጹሕ

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሥራው ገንዘብ መጠየቅ ብቻ አልነበረም። ሪፕላይ-ቱ በሚለው መስመር ላይ አቅራቢ-ቲአር.ኮም ተጽፎ ነበር። የሂሳብ ሠራተኛዋ «ባንኩ የተሻሻለ ፕሮፎርማ ይፈልጋል» ብላ ስትመልስ መልሷ የሄደው ወደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ከእውነተኛው አቅራቢ እጅ ወጣ፣ ማንም ሳያውቅ። ረቡዕ ጠዋት የተሻሻለው ፕሮፎርማ ከነማኅተሙ ከአቅራቢ-ቲአር.ኮም መጣ።

የዚህ ደብዳቤ ሄደር ሲከፈት ኤስፒኤፍ ፓስ፣ ዲኪም ፓስ፣ ዲማርክ ፓስ ይላል። ሪሲቭድ መስመሮቹ ተያይዘዋል፣ ሰዓቶቹ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀዋል፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ስም ከውጭው ጋር ይገጥማል። «ሦስቱም ፓስ ካሉ ደህና ነው» የሚል የቢሮ መመሪያ ቢኖር ኖሮ ይህ ደብዳቤ ያልፍ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አጭበርባሪው የሚመስል ዶሜይን በራሱ ስም ገዝቶ በሥርዓት አዋቀረው። ሦስቱ ፍተሻዎች የሚያረጋግጡት ደብዳቤው በእርግጥ ከአቅራቢ-ቲአር.ኮም መምጣቱን ነው፤ መጥቷልም። አቅራቢ-ቲአር.ኮም ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ፍተሻ የለም። እንዲያውም ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጉግልና ያሁ ብዙ መልእክት በሚልኩ ላይ እነዚህን ፍተሻዎች ግዴታ ካደረጉ ወዲህ ስፓም ላኪውም ማዋቀሩን ለምዶታል። አሁን «ፌይል» ብዙ ይናገራል፣ «ፓስ» ጥቂት።

እዚህ የጠቀመው ያ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ልዩነቶቹ እንዲህ ነበሩ፦

በእውነተኛው የዲኪም «ዲ=» አቅራቢ.ኮም.ቲአር፣ በሐሰተኛው አቅራቢ-ቲአር.ኮም። ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

በእውነተኛው መጻፊያው አውትሉክ፣ በሐሰተኛው ዩዘር-ኤጀንት የሚለው መስመር ራውንድኪዩብ ዌብሜይል (በብራውዘር የሚከፈት የኢሜይል ፕሮግራም) ይላል። ያው ሻጭ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ፕሮግራም ሊቀይር ይችላል፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ነው ክብደት የሚኖረው።

የደብዳቤው ቀን የተጻፈበት የሰዓት ክልል +0100። ቱርክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ +0300 ላይ ናት፣ እንደ እኛው፤ ከኮንያ የሚጽፍ ሰው ኮምፒዩተር +0100 የሚልበት ምክንያት አይታይም። ይሁንና ይህን መስመር ላኪው እንደፈለገ ሊያስተካክለው ስለሚችል በሰዓት ክልል ላይ ተመርኩዞ ላኪው የየት አገር ሰው ነው ማለት ግምት ነው። አቤቱታው ውስጥም እንዳይገባ ተደርጓል።

የላኪው ሰርቨር አይፒ 198.51.100.7 በሌላ አገር ያለ የኪራይ ሰርቨር ነው። ከሁሉ የከበደው ግን የዶሜይኑ ምዝገባ ነው። የዶሜይን ስሞችን የሚያስተባብረው የአይካን ድርጅት መፈለጊያ ገጽ ላይ ዶሜይኑን በማስገባት የተመዘገበበት ቀን ይገኛል፤ አቅራቢ-ቲአር.ኮም የተመዘገበው ፕሮፎርማው ከተላከ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ዓመታት በሥራ ላይ ያለ አምራች ሂሳቡን በሚቀይርበት ሳምንት አዲስ ዶሜይን አይገዛም።

በተቃራኒው በኩል አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአቅራቢው የድሮ እውነተኛ ደብዳቤዎች አንዱ ኤስፒኤፍ «ሶፍትፌይል» (ለስላሳ ውድቀት) ብሎ ተገኝቷል። ደብዳቤው በሌላ ሳጥን በኩል ተዘዋውሮ ስለመጣ የመጨረሻው ላኪ አይፒ የአቅራቢው አልነበረም። ዲኪሙ ግን ከደብዳቤው ጋር ስለሚጓዝ አልተሰበረም፣ ዲማርክም በእሱ አለፈ። ራስ-ሰር ፎርዋርድ ኤስፒኤፍን ይሰብራል፣ ይህ የታወቀ ነው። ከአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ደብዳቤዎች ላይም ዲኪምና ዲማርክ «ነን» ብለው ይገኛሉ፤ ያልተዋቀረ ማለት ነው፣ የተጭበረበረ አይደለም። ያንን ሁሉ ስፓም ብሎ የሚጥል ቢሮ የግብር ማስታወቂያውንም ይጥላል።

ፕሮፎርማውን እንዴት አወቁት?

እስከዚህ ድረስ ያለው ደብዳቤዎቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን ያሳያል። ሥራ አስኪያጁን ያሳሰበው ግን ሌላ ነበር፦ የፕሮፎርማውን ቁጥር፣ የ30 በመቶውን ስምምነት፣ የሮለሮቹን ርዝመትና ዲያሜትር ሳይቀር ከየት አገኙት? የተሰበረው የአቅራቢው ሳጥን ነው ወይስ የፋብሪካው? ሁለቱም ወገን ያንኑ ልውውጥ ይዘዋል፤ አቅራቢውም በስልክ ሲጠየቅ «ከእኛ አይደለም» አለ። እያንዳንዱ ወገን እንዲህ ማለቱ አይቀርም።

መልሱ የተገኘው ሰው ብዙም በማያያቸው ሁለት መስመሮች ነው፦ ኢን-ሪፕላይ-ቱ እና ሬፈረንስስ። አንድ ሰው «ሪፕላይ» ሲጫን ፕሮግራሙ የሚመለስለትን ደብዳቤ መለያ ቁጥር እዚያ ይጽፋል፤ ኢሜይሎች በአንድ ልውውጥ ሥር የሚሰለፉት በዚህ ነው። የማክሰኞው ሐሰተኛ ደብዳቤ ኢን-ሪፕላይ-ቱ ላይ በ«ሲኤ» የሚጀምርና በሜይል.ጂሜይል.ኮም የሚያልቅ ቁጥር ነበረው፤ ከጂሜይል የወጣ፣ ማለትም የፋብሪካው ደብዳቤ። ጂሜይል መፈለጊያ ሳጥን ላይ «አርኤፍሲ822ኤምኤስጂአይዲ» የሚለውን የፍለጋ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ ሁለት ነጥብ አስከትሎ፣ ቁጥሩን ከለጠፉበት ያንኑ ደብዳቤ ብቻ ያወጣል።

የወጣው የሂሳብ ሠራተኛዋ የተፈረመውን ፕሮፎርማ ስካን አድርጋ የላከችበት ደብዳቤ ነው። ይህ ደብዳቤ አቅራቢው ዘንድ አልደረሰም። ፒዲኤፉ 18 ሜጋባይት ነበር። አባሪ ሲላክ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፣ ወደ 24 ይጠጋል፤ የአቅራቢው ሰርቨር «552፣ መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ነው» ብሎ መለሰው። ጂሜይል እንዲህ ያለ መልእክት ሲልክ መጠኑን አስቀድሞ ይናገራል፣ ሰርቨሩም እዚያው በር ላይ ይመልሰዋል፤ የደብዳቤው አካልም መለያ ቁጥሩም ወደ ውስጥ አይገባም። እሷ በኋላ ፋይሉን አሳንሳ በድጋሚ ላከች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጣራ መደምደም አይገባም። በድጋሚ የተላከው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥር ሬፈረንስስ ውስጥ ይዞ ሄዶ ከሆነ አቅራቢው ዘንድም ደርሷል ማለት ነው፤ ማስረጃውም ይወድቃል። የድጋሚው ሄደር ሲታይ ግን የያዘው የአቅራቢውን ደብዳቤ ቁጥር ብቻ ነበር። ስለዚህ ያ የወደቀው ደብዳቤ ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የፋብሪካው የተላኩ ደብዳቤዎች ማኅደር። አጭበርባሪው ሪፕላይ ያደረገው እዚያ ውስጥ ሆኖ ወይም ከዚያ በወሰደው ቅጂ ላይ ነው። ብልህ ሥራ መስሎት ነበር፤ ያልደረሰ ደብዳቤ መመለሱን ግን አላስተዋለም።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ቅንብር። ጂሜይል ገጽ ግርጌ በስተቀኝ በኩል «ላስት አካውንት አክቲቪቲ» ከሚለው ሥር «ዲቴይልስ» ሲከፈት፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ከሌለው አገር የተገባበት አይፒ ተዘርዝሯል። ቅንብሩ ውስጥ «ፊልተርስ» በሚለው ክፍል ማንም ያልሠራው አንድ ማጣሪያ ተገኘ፦ ከአቅራቢ.ኮም.ቲአር የሚመጣ ሁሉ ኢንቦክስን ይዝለል፣ እንደተነበበ ይቆጠር። እውነተኛው አቅራቢ ቅድመ ክፍያው ለምን እንደዘገየ የጠየቀባቸው ደብዳቤዎች እዚያ ተቀብረው ነበር። የሐሰተኛው ደብዳቤ ግን ከዚያው ዶሜይን ስም እንዴት ኢንቦክስ ገባ? ማጣሪያው በርዕሱ ላይ አንድ የተለየ ቃል ያለበትን እንዲያሳልፍ ተደርጎ ነበር፣ ያ ቃል ደግሞ በማክሰኞው ደብዳቤ ርዕስ ላይ ነበር። የፎርዋርድ ክፍሉ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ አያጽናናም፤ በቀጥታ መግባት የሚችል ሰው ፎርዋርድ አያስፈልገውም።

የይለፍ ቃሉ የወጣበት ደግሞ ስፓም ማኅደር ውስጥ ተገኘ። «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ገብተው ያድሱ» የሚል ተራ ደብዳቤ ነው። ጂሜይል በትክክል ስፓም ብሎት ነበር፤ የላኪ ስሙ «ሜይል አድሚን»፣ የዲኪም «ዲ=» የማይታወቅ የጅምላ መላኪያ ዶሜይን፣ ሊንኩም የጉግል አይደለም። ሳጥኑ እውነትም ሊሞላ ተቃርቦ ስለነበር ስፓም ውስጥ እያለ ተከፍቶ ተነበበ፣ ተሞላም። ከሦስቱ ደብዳቤዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ነበር፣ ጉዳቱ ግን የበለጠው።

የተወሰደው እርምጃ

ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው። መጀመሪያ ሦስቱም ደብዳቤዎች፣ የማጣሪያው ቅንብርና የመግቢያ ዝርዝሩ ተቀምጠዋል፤ ማጣሪያው መጀመሪያ ቢጠፋ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ከሁሉም መሣሪያ «ሳይን አውት» ተደረገ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ የመልሶ ማግኛ ስልክና ኢሜይል ተፈተሸ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በአፕ ተከፈተ። የይለፍ ቃል ብቻ ቀይሮ መተው አይበቃም፣ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ፈቃድ የሰጠው አፕ ካለ በዚያ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከጉግል አካውንቱ ጋር የተገናኙ አፖች ዝርዝርም ታይቷል። ማጣሪያው የተሰረዘው በመጨረሻ ነው።

አቅራቢው በድሮው ፕሮፎርማ ላይ ባለው ስልክ ተደውሎለታል፤ በሐሰተኛው ላይ ያለው ስልክ ተቀይሮ ነበር። የሚመስለው ዶሜይን በተመዘገበበት ድርጅት የአቤቱታ አድራሻ ሙሉ ሄደሩ ተያይዞ ተልኳል። ለፖሊስ የቀረበው አቤቱታ የኮምፒዩተር ወንጀልን ለመደንገግ በወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሲሆን፣ ፋይሎቹ በፍላሽ፣ የሄደሩ ትርጉም ደግሞ በአማርኛ በአንድ ገጽ ታትሞ ተያይዟል። መርማሪው ሪሲቭድ ምን እንደሆነ እንዲያውቅ መጠበቅ አይገባም።

ፋብሪካው የራሱን ዶሜይንም አስተካክሏል፤ አጭበርባሪው ነገ በእሱ ስም ለደንበኞቹ ለዳቦ ቤቶቹ ሊጽፍ ይችላል። ዲማርኩ ለተወሰኑ ሳምንታት «ነን» ላይ ሆኖ ሪፖርቱ ታየ፤ ደረሰኝ የሚልክላቸው የሂሳብ ሶፍትዌር በኤስፒኤፍ ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ በዚያ ታወቀ። እሱ ከተጨመረ በኋላ ወደ «ኳራንቲን» (የወደቀውን ስፓም ውስጥ ክተቱ)፣ ከዚያ ወደ «ሪጀክት» (የወደቀውን አትቀበሉ) ተሸጋገረ። በቀጥታ «ሪጀክት» ቢባል ኖሮ የራሳቸው ደረሰኞች ይመለሱ ነበር። ይህም ቢሆን የሚከላከለው ትክክለኛውን ዶሜይን አስመስሎ የሚላከውን ብቻ ነው። አንድ ሰረዝ ጨምሮ ለሚገዛ ሰው መድኃኒቱ በክፍያ መጠየቂያው ላይ የተጨመረው አዲስ መስመር ነው፦ «የሂሳብ ለውጥ ካለ፦ በድሮው ስልክ ተደውሏል፣ ያነጋገርነው ሰው ____፣ ሰዓት ____»። ያ መስመር ካልተሞላ ሥራ አስኪያጁ አይፈርምም።